መልሱ በ9.8 ሲሳሳት፦ የክብደት፣ የመጠነ ቁስና የጉልበት ችግርና መፍትሄ

የመኪና መካኒክ ሞተሩን ሳይፈታ በድምፁ ብቻ ብልሽቱን እንደሚጠረጥር ሁሉ፣ የፊዚክስ ልምምድ የሚያርም ሰውም ከመጨረሻው ቁጥር ብቻ ስህተቱን ይጠረጥራል። መልሱ ከትክክለኛው 9.8 ጊዜ ያህል ከበለጠ ወይም 9.8 ጊዜ ያህል ካነሰ፣ ክብደትና መጠነ ቁስ ተምታተዋል። ተማሪዎችን ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ምልክት ያላየሁበት ሳምንት ጥቂት ነው። ሌሎቹ ምልክቶች እንደዚህ ፊት ለፊት አይታዩም፤ ሥረ መሠረታቸው ግን ከዚሁ ብዙም አይርቅም።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ እንስማማ። መጠነ ቁስ፣ በክፍል ውስጥ ብዙዎቻችን «ማስ» የምንለው፣ የአንድ አካል ፍጥነት ለመለወጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚናገር ልክ ነው፤ መለኪያው ኪሎ ግራም ነው። ጉልበት መግፋት ወይም መሳብ ነው፤ መለኪያው ኒውተን ነው። ክብደት ከጉልበት ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ መሬት ዕቃውን ወደ ራሷ የምትስብበት ነው። ሽምጠት ደግሞ ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን ነው፤ መለኪያው ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፤ ከዚህ በኋላ ሜ/ሰ² እያልኩ አሳጥረዋለሁ።

ጣጣው ግማሹ የቋንቋ ነው። «ክብደቴ 60 ኪሎ ነው» እንላለን። ኪሎ የመጠነ ቁስ መለኪያ ስለሆነ የተናገርነው መጠነ ቁሳችንን ነው፤ የተጠቀምንበት ቃል ግን የጉልበት ስም ነው። ሰውን በዚህ ማረም አያስፈልግም፤ እኔም ከፊዚክስ ውጭ እንደዚያው ነው የምናገረው። «ጉልበት» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ አይሻልም፦ በተራ ንግግር ብርታት ነው፣ አንዳንዴም የእግር መታጠፊያ ነው፣ አንዳንድ መጽሐፍ ደግሞ ይህንኑ ነገር ኃይል ይለዋል። ስለዚህ በስሌት ጊዜ ቃሉን ሳይሆን አጠገቡ የተጻፈውን መለኪያ እመኑ።

«ገመዱ ይችላል ብዬ አስልቼ ነበር፣ ተበጠሰ»

እስከ 400 ኒውተን የሚችል ገመድ 45 ኪሎ ግራም ዕቃ ይሸከማል ወይ? ብዙ ሰው 45ን ከ400 ጋር ያስተያይና «አዎ፣ በደንብ» ይላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አይወዳደሩም፤ የሰውን ዕድሜ ከቁመቱ ጋር ማወዳደር ነው። ገመዱ የሚያውቀው ጉልበትን ብቻ ነው። መሬት አጠገብ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም በ9.8 ኒውተን ይሳባል፤ 45 ሲባዛ በ9.8 ደግሞ 441 ኒውተን ነው። ገመዱ ይበጠሳል። ተቃራኒው ስህተትም ያጋጥማል፦ 441 ኒውተን ተብሎ የተሰጠውን ክብደት ተማሪው 441 ኪሎ ግራም አድርጎ ይወስደውና ለአንድ ጆንያ ዕቃ የጭነት መኪና ያዝዛል።

መፍትሄው አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። በእያንዳንዱ መስመር ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን ጻፉ። «45» ብቻውን አይቁም፤ «45 ኪ.ግ» ይሁን። ኪሎ ግራም ካለ መጠነ ቁስ ነው፤ ኒውተን ካለ ጉልበት ነው። ኒውተንና ኪሎ ግራም በአንድ የእኩል ምልክት ግራና ቀኝ ብቻቸውን ከተገናኙ፣ ስህተቱ እዚያው ነው። ለግምት ያህል፣ 1 ኒውተን ማለት 102 ግራም የሚሆን ዕቃ በመዳፋችሁ ላይ ሲያርፍ የሚሰማችሁ ጫና ነው።

ይህ መምታታት የተማሪ ብቻ አይደለም። መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ «ኪሎ ግራም ጉልበት» የሚባል መለኪያ ይጠቀሙ ነበር፤ 1 ኪሎ ግራም ዕቃ በመሬት ስበት የሚሳብበት ጉልበት ማለት ነው። ጠቅላላ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ በ1901 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ጉዳዩን መለየት ግድ ሆኖበት፣ ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ መሆኑን፣ ክብደት ደግሞ በባሕርይው ከጉልበት ወገን መሆኑን ደነገገ፤ ለስበት ሽምጠትም 9.80665 ሜ/ሰ² የሚለውን መደበኛ ቁጥር አስቀመጠ። ኒውተን የሚለው የመለኪያ ስም በጉባኤው የጸደቀው ገና በ1948 ነው። በአሮጌ የግፊት መለኪያዎች ላይ «ኪሎ ግራም በስኩዌር ሴንቲ ሜትር» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ ያ ኪሎ ግራም የጉልበቱ ነው፤ ወደ ኒውተን ለመቀየር በ9.80665 አባዙት።

ምልክቱ 9.8 ሳይሆን 4.45 ከሆነ ሌላ ነገር ጠርጥሩ፦ የእንግሊዞች ፓውንድ ጉልበት ገብቷል። 1 ፓውንድ ጉልበት 4.45 ኒውተን ያህል ነው። ማርስን እንዲዞር የተላከው የናሳ መንኩራኩር መስከረም 23 ቀን 1999 የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ሶፍትዌር የሞተሮቹን ግፊት በፓውንድ ጉልበት ሰከንድ አስልቶ ሲያቀብል፣ ተቀባዩ ቁጥሩን በኒውተን ሰከንድ ቆጠረው። መንኩራኩሩ ከታሰበው በጣም ዝቅ ብሎ ወደ ማርስ ከባቢ አየር ገባና ቀረ።

«መጽሐፉ አይንቀሳቀስም፣ ታዲያ ሽምጠቱ ከየት መጣ?»

ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል፤ እያሰበ ነውና። ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ ክብደት ስንት ነው ሲባል መጠነ ቁሱን በ9.8 ሜ/ሰ² እናባዛለን። ግን መጽሐፉ ቆሟል፤ ሽምጠቱ ዜሮ ነው። የቆመን ነገር በሽምጠት ማባዛት ምን ይሉታል?

እኔ በተማሪነቴ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አፍሬ ሁለት ቀመሮችን ለየብቻ ሸመደድኩ። አንዱ «ክብደት = መጠነ ቁስ × የስበት ሽምጠት» ነበር፣ ሌላው «ጉልበት = መጠነ ቁስ × ሽምጠት»። ሁለት የተለያዩ ሕጎች መስለውኝ በፈተና ላይ የትኛውን ልጠቀም እያልኩ እጣ ልጥል ምንም አልቀረኝም ነበር።

የችግሩ ምንጭ 9.8 ሁለት ሥራ ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው የወደቀ ዕቃ ፍጥነት የሚጨምርበት መጠን ነው፣ ማለትም በየሰከንዱ 9.8 ሜትር በሰከንድ። ሁለተኛው በዚያ ቦታ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚሳብበት ጉልበት ነው፣ ማለትም 9.8 ኒውተን በኪሎ ግራም። ሁለቱ መለኪያዎች አንድ መሆናቸውን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል፦ 1 ኒውተን ማለት 1 ኪሎ ግራምን በ1 ሜ/ሰ² የሚያሸመጥጥ ጉልበት ስለሆነ፣ ኒውተን በኪሎ ግራም ሲካፈል ሜ/ሰ² ይወጣል።

ዕቃው ቆሞ ከሆነ ሁለተኛውን ንባብ ተጠቀሙ። 1.5 ኪ.ግ መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 9.8 ኒውተን፣ ድምሩ 14.7 ኒውተን። ሽምጠት የሚል ቃል አላስፈለገም። ጠረጴዛው ደግሞ በ14.7 ኒውተን ሽቅብ ይገፋል፤ የሁለቱ ልዩነት ዜሮ ነው፤ «ጉልበት = መጠነ ቁስ × ሽምጠት» የሚለው ሕግም የሚናገረው ስለዚህ ልዩነት ነው። ዜሮ ጉልበት፣ ዜሮ ሽምጠት። ጠረጴዛውን ብታነሱት የሚቀረው 14.7 ኒውተን ብቻ ነው፤ በ1.5 ኪ.ግ ሲካፈል 9.8 ሜ/ሰ²። ያኔ የመጀመሪያው ንባብ መጣ። በሕጉ ውስጥ «ጉልበት» የተባለው የጉልበቶች ሁሉ ድምር መሆኑን የዘነጋ ሰው እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይደናቀፋል።

«120 ኒውተን ገፋሁት፣ መልሴ ግን የኤሊ ነው»

600 ኒውተን የሚመዝን ጋሪ ያለ ሰበቃ በለስላሳ ወለል ላይ በ120 ኒውተን ተገፋ፤ ሽምጠቱ ስንት ነው? የተለመደው የተሳሳተ መልስ 120 ሲካፈል ለ600፣ 0.2 ሜ/ሰ²። ትክክለኛው 600ን በ9.8 አካፍሎ 61.2 ኪ.ግ ማግኘትና 120ን በዚህ ማካፈል ነው፤ 1.96 ሜ/ሰ² ይሆናል። 9.8 ጊዜ ልዩነት፤ ድምፁ የታወቀ ነው።

ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሐሳቡ ይበልጥ ያስተምራል። ጋሪው መንኮራኩር ላይ ነው፤ ክብደቱን ወለሉ ተሸክሞለታል። እናንተን የሚያስቸግራችሁ ክብደቱ ሳይሆን ፍጥነቱን መለወጥ የማይወደው መጠነ ቁሱ ነው። በጨረቃ ላይ የስበቱ ልክ 1.62 ኒውተን በኪሎ ግራም ስለሆነ ይኸው ጋሪ የሚመዝነው 99 ኒውተን ብቻ ነው፤ በአንድ እጅ ልታነሱት ትችላላችሁ። ወደ ጎን ስትገፉት ግን እንደ ምድሩ ያው 61.2 ኪ.ግ ነው፤ በ1.96 ሜ/ሰ² ለማሸመጥጥ እዚያም 120 ኒውተን ይጠይቃል። እየሮጠ ቢመጣባችሁም የሚያደርሰው ጉዳት አይቀንስም። ለማንሳት ቀላል የሆነ ነገር ለማቆም ቀላል ነው ብሎ ማሰብ እዚያ አጥንት ያሰብራል።

«ሊፍት ውስጥ ሚዛኑ ያብዳል»

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ሌሎቹን ሁሉ የሚፈታው ቁልፍ እዚህ ነው።

የሰውነት ሚዛን ይዛችሁ ሊፍት ግቡና ቁሙበት። 60 ኪ.ግ ናችሁ እንበል። ሊፍቱ ወደ ላይ ሲነሳ ቁጥሩ ከ60 ያልፋል፤ በመሃል ፎቆች 60 ላይ ይረጋል፤ ሊቆም ሲል ከ60 ያንሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም አልበላችሁም፣ ምንም አልቀነሳችሁም።

ሚዛኑ አልተበላሸም። ሚዛን መጠነ ቁስን አያይም፤ የመሬትን ስበትም በቀጥታ አያይም። የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እግራችሁ የሚጫነውን ጉልበት። ውስጡ ያለው ሞላ ወይም የኤሌክትሮኒክ ዳሳሽ ያንን ኒውተን ይለካና፣ ፋብሪካው አስቀድሞ በነገረው መሠረት በ9.8 ገደማ አካፍሎ «ኪሎ ግራም» ብሎ ያሳያል። ማካፈሉ ትክክል የሚሆነው ሚዛኑ ሽምጠት ከሌለውና መሬት አጠገብ ከሆነ ብቻ ነው። ሊፍቱ ሲያሸመጥጥ ግን ቅድመ ሁኔታው ፈረሰ።

ስሌቱን እንሥራው። በእናንተ ላይ ሁለት ጉልበቶች አሉ። ስበት ቁልቁል 588 ኒውተን ይስባል፤ ሚዛኑ ሽቅብ ይገፋል። ሊፍቱ በ2 ሜ/ሰ² ሽቅብ ካሸመጠጠ፣ የሁለቱ ልዩነት 60 × 2 = 120 ኒውተን ሽቅብ መሆን አለበት። ስለዚህ ሚዛኑ 708 ኒውተን ይገፋል፤ የሚያሳየው ደግሞ 708 ÷ 9.8 = 72.2 ኪሎ ግራም ነው። ሊቆም ሲል፣ ወደ ላይ እየሄደ ፍጥነቱን በ2 ሜ/ሰ² ሲቀንስ፣ ልዩነቱ 120 ኒውተን ቁልቁል ነው፤ ሚዛኑ 468 ኒውተን ይገፋል፣ 47.8 ኪሎ ግራም ያሳያል። በሁለቱ መካከል በእኩል ፍጥነት ሲጓዝ 60 ነው፤ ሽቅብም ይሁን ቁልቁል፣ ቀስ ብሎም ይሁን በፍጥነት።

እዚህ ጋ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ አንድ ምንጭ አላቸው። ተማሪው የሊፍቱን አቅጣጫ ይመለከታል፤ «ወደ ላይ ነው፣ ይጨምር፤ ወደ ታች ነው፣ ይቀንስ» ይላል። አቅጣጫው ምንም አይወስንም፤ የሚወስነው ሽምጠቱ ወዴት ነው የሚለው ነው። ወደ ታች እየወረደ የሚቆም ሊፍት ሽምጠቱ ሽቅብ ስለሆነ ሚዛኑ ይጨምራል። መፍትሄው ሁለት ቀስቶች መሣል ነው፦ የስበቱን ቁልቁል፣ የወለሉን ሽቅብ። ከዚያ «ፍጥነቱ ወዴት እየተለወጠ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ረዥሙ ቀስት ወደዚያ ነው። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

አንዳንድ መጻሕፍት ሚዛኑ የሚያሳየውን «የሚታይ ክብደት» ይሉታል። ስሙ አይከፋም፤ የመሬት ስበት ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ 588 ኒውተን ሆኖ ሳይነቃነቅ መቆየቱን አትርሱ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ። «የክብደቴ ተቃራኒ ምላሽ ወለሉ የሚገፋኝ ነው» የሚል መልስ በየደብተሩ አገኛለሁ። ስህተት ነው፤ ማስረጃውም አሁን ያየነው ሊፍት ነው። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ አንድ አካል ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲስብ ሌላውም በተቃራኒ አቅጣጫ መልሶ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል፣ እነዚህ ጥንዶችም ሁልጊዜ እኩል ናቸው ይላል፤ ስበቱ 588፣ ወለሉ 708 ከሆነ እነዚህ ጥንድ ሊሆኑ አይችሉም። ጥንዶች በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው የሚያርፉት። መሬት እናንተን በ588 ኒውተን ብትስብ፣ እናንተም መሬትን በ588 ኒውተን ትስቧታላችሁ። የመሬት መጠነ ቁስ 5.97 × 10²⁴ ኪ.ግ ስለሆነ መነቃነቋን ማንም አያይም። ወለሉ እናንተን በ708 ቢገፋ፣ የእርሱ ጥንድ እናንተ ወለሉን በ708 መጫናችሁ ነው፤ ሚዛኑም የሚያነበው ይህን ነው።

«ቤት ውስጥ ሌላ፣ ተዳፋት ላይ ሌላ»

ሚዛኑ ዘመም ባለ ወለል ላይ ከሆነ ቁጥሩ ያንሳል፤ በገጹ ላይ ቀጥ ብሎ የሚጫነውን ብቻ ስለሚሰማ ነው። 10 ኪ.ግ ዕቃ በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ሲቀመጥ ከ98 ኒውተን ክብደቱ 49 ኒውተኑ በተዳፋቱ ቁልቁል ይጎትታል፤ በገጹ ላይ የሚጫነው 84.9 ኒውተን ነው፤ ሚዛኑ 8.66 ኪሎ ግራም ይላል። ወለሉን አስተካክሉ፣ አለቀ።

ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ድንጋይም እንዲሁ ያታልላል። 2 ኪ.ግ ሆኖ 0.8 ሊትር ቦታ የሚይዝ ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ፣ ውሃው የ0.8 ኪ.ግ ያህል ደግፎ ስለሚያነሳው ባለ ሞላው ሚዛን 1.2 ያሳያል። አየርም ይህን ያደርጋል። 70 ኪ.ግ ሰው ቦታውን ያስለቀቀው አየር 80 ግራም ገደማ ነው፤ ለሰውነት ሚዛን የማይረባ፣ ለላቦራቶሪ ሚዛን ግን የማይታለፍ ነው።

«ሁለቱም ሚዛን ደህና ነው፣ ግን አይስማሙም»

አንድ ዕቃ በአንድ ቦታ ተመዝኖ 10.000 ኪሎ ግራም ሆነ፤ ሚዛኑና ዕቃው አብረው ሩቅ አገር ተወስደው ሲመዘን 9.947 ሆነ። ማን ሰረቀ?

መሬት ሁሉም ቦታ እኩል አትስብም። በዋልታዎች የስበቱ ልክ 9.832፣ በምድር ወገብ 9.780 ሜ/ሰ² ገደማ ነው። አንደኛው ምክንያት የመሬት መሽከርከር ነው። ሌላው ቅርጿ ነው፦ በወገቧ በኩል ስለምታብጥ እዚያ የቆመ ሰው ከመሃሏ ወደ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታም ትንሽ ይቀንሳል። በዋልታ የተስተካከለ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ወገብ ላይ ሲሄድ ከ10 ኪ.ግ 53 ግራም ይበላል። ዕቃው አንዲት ቅንጣት አልጎደለበትም፤ የጎደለው ጉልበቱ ነው።

ይህን ሰዎች ያወቁት በሚዛን ሳይሆን በሰዓት ነው። በ1672 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ሪሼ ወደ ካየን፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነ የደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ሄደ። ፓሪስ ላይ በትክክል ይቆጥር የነበረው የፔንዱለም ሰዓት እዚያ በቀን ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ዘገየበት፤ ለማስተካከል ፔንዱለሙን ማሳጠር ግድ ሆነ። ስበቱ ሲደክም ፔንዱለም ቀስ ይላል። ኒውተን በ1687 ባሳተመው ሥራው ይህን የመሬት ማበጥ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው።

መፍትሄው ሁለት መንገድ አለው። ኤሌክትሮኒክ ወይም ባለ ሞላ ሚዛን ከሆነ፣ መጠነ ቁሱ የታወቀ የሚዛን ድንጋይ ጭናችሁ በምትሠሩበት ቦታ አስተካክሉት፤ ጥሩ የላቦራቶሪ ሚዛኖች ለዚህ የሚሆን ክብ ብረት በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። ወይም ባለ ሁለት ሳህኑን ሚዛን ተጠቀሙ። እርሱ ዕቃውን ከሚዛን ድንጋይ ጋር ነው የሚያስተያየው፤ ስበቱ ቢደክም በሁለቱም ሳህን እኩል ይደክማል፤ ስለዚህ በዋልታም በወገብም፣ በጨረቃም፣ በሚያሸመጥጥ ሊፍት ውስጥም ያው መልስ ይሰጣል። ጥንታዊ ነው ተብሎ የተናቀው ሚዛን ወደ መጠነ ቁስ የሚቀርበው ሆነ። እኔ ለዚህ መሣሪያ ትንሽ አዳላለሁ።

ኪሎ ግራም ራሱ ከ1889 ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ በተቀመጠ የፕላቲኒየምና ኢሪዲየም ሲሊንደር ነበር የሚበየነው። ከግንቦት 20 ቀን 2019 ወዲህ ግን የሚበየነው በፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ ማለትም በተፈጥሮ በማይለወጥ አንድ የፊዚክስ ቁጥር ነው። ያን ብያኔ ወደ እውነተኛ ብረት ለማውረድ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ የኪብል ሚዛን ይባላል። ክብደትን ከኤሌክትሪክ ጉልበት ጋር ስለሚያስተያይ፣ መሣሪያው በቆመበት ክፍል ውስጥ የስበቱ ልክ ስንት እንደሆነ በጥንቃቄ መለካት አለበት። የዓለም ምርጡ ሚዛንም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም።

«ከባዱ ቀድሞ መውደቅ አለበት»

ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነው። ከባዱ በእርግጥ በበለጠ ጉልበት ይሳባል። የተረሳው ሌላው ግማሽ፣ ፍጥነቱን ለመለወጥም በዚያው ልክ ያስቸግራል። ነሐሴ 2 ቀን 1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ 1.32 ኪ.ግ መዶሻና 0.03 ኪ.ግ የጭልፊት ላባ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። መዶሻው 44 ጊዜ በበለጠ ጉልበት ተሳበ፤ 44 ጊዜ የበለጠ መጠነ ቁስም ነበረው። ሲካፈል ሁለቱም 1.62 ሜ/ሰ²፤ እኩል መሬት ነኩ። እዚህ ምድር ላይ ላባው የሚዘገየው በአየር ነው። ስለዚህ «የአየር መከላከል የለም» የሚል ጥያቄ ውስጥ መጠነ ቁስ ተሰጥቶ ጊዜ ከተጠየቀ፣ የተሰጠው ቁጥር ለማወናበድ ነው፤ እለፉት።

«ጠፈር ላይ ክብደት የለም፣ ስለዚህ ስበት የለም»

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የስበቱ ልክ 8.7 ሜ/ሰ² ያህል ነው፤ ከመሬት ገጽ 89 በመቶው። ስበት ባይኖርማ ጣቢያው ቀጥ ብሎ ሄዶ በቀረ ነበር፤ በምህዋር የሚያስቀረው ስበት ነው።

ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉበትን ምክንያት የሊፍቱ ክፍል አስቀድሞ ነግሮናል። ገመዱ የተቆረጠ ሊፍት በ9.8 ሜ/ሰ² ቁልቁል ይሄዳል፤ በውስጡ ያለውም ሰው እንዲሁ፤ ሚዛኑም እንዲሁ። ማንም ማንንም አይጫንም፤ ሚዛኑ ዜሮ ያሳያል። ጣቢያው ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ስለሚበር ሲወድቅ መሬትን ይስታል እንጂ መውደቁን አያቆምም። ስለዚህ በደብተራችሁ «ክብደት = 0» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ለዩ፦ ስበቱን ከሆነ ዜሮ አይደለም፤ ሚዛኑ የሚያሳየውን ከሆነ ዜሮ ነው።

እዚያ ባለ ሞላው ሚዛን ዜሮ ይላል። የምወደው ባለ ሁለት ሳህኑም አይረዳም፤ የሚጫን ነገር ስለሌለ እንዳዘነበሉት ይቀራል። ጠፈርተኞች ግን ለወራት ሲቆዩ ሰውነታቸው እየሟሸሸ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነበረባቸው። በ1973 ስካይላብ በተባለው ጣቢያ ላይ የተሠራበት ዘዴ በሞላ የተያያዘ ወንበር ነበር። ሰውየው ይቀመጥበታል፣ ይታሰራል፣ ወንበሩ ይሳብና ይለቀቃል፤ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። መጠነ ቁሱ የበዛ ሰው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ መጠነ ቁሱ አራት እጥፍ ቢሆን አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ጊዜውን ለክቶ ኪሎ ግራሙን ማስላት ነው፤ በዚህ ስሌት ውስጥ 9.8 የሚባል ቁጥር አይገባም።